ልብስ ሰፊዋ ያመጣችው አምባር

ጥር 6፣ ማክሰኞ

የኮሚቴው ሊቀመንበር ዛሬ ሱቄ ድረስ መጣ። ሰፈሩ የሚጠራው «ጡሩምባው» ብሎ ነው፤ ምስጢር ሲያወራ እንኳ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ጀልባዋ በሰመጠችበት ዳርቻ የመታሰቢያ ግንብ ሊቆም ነው። ግንቡ ላይ ለእያንዳንዱ ሟች ስም የተቀረጸበት አንድ የነሐስ ሰሌዳ ይለጠፋል። ቀራጩ እኔ እንድሆን ኮሚቴው ተስማምቷል።

«ደግሞም አንተ የጉዳዩ ባለቤት ነህ» አለኝ።

እንዲህ ያለውን ባለቤትነት ለጠላትም አይስጠው።

እሺ አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ቀለበት ላይ የሙሽሮችን ስም ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ነሐስ ቢበዛ እጅ ያደክማል እንጂ ሌላ ምን ያመጣል። የልጄን ነገር ሲያነሳ ግን አላስጨረስኩትም።

«እሷ አልተገኘችም።»

«አውቃለሁ ወንድሜ። ግን እኮ ይሄን ያህል ጊዜ...»

«አልተገኘችም አልኩህ።»

ጡሩምባው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተሰናብቶኝ ሄደ።

ጥር 7

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም።

«የሰውን ልጆች ስም ቅረጽ፤ ጽድቅ ነው። የሷን ስም ነሐስ ላይ ያየሁ ቀን ግን እኔና አንተ አንድ ጣራ ስር አናድርም።»

የልጃችንን አልጋ ዛሬም አንጥፋለች። አንሶላውን በየሳምንቱ ታጥባለች፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ።

ጥር 10

ሰሌዳ፣ ሰሌዳ፣ ሰሌዳ። ዓይኔ ቀላ። ነሐስ እንደ ብር አይደለም፤ መሮው ሲሳሳት ይቅር አይልም። ዛሬ የአንዱን ሟች ስም አበላሽቼ እንደገና ጀመርኩ። አባቱ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር፤ «አይዞህ፣ እሱም ሲጽፍ ይሳሳት ነበር» አለኝ።

ጥር 11፣ ማታ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሐኪሙ «የሚከብድህን ጻፈው» ስላለኝ ነው። እስካሁን የሚቀለኝን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ልጃችንን ድምቡሼ ነበር የምንላት፤ ሕፃን ሆና ጉንጮቿ እፍኝ ይሞሉ ስለነበር። አድጋ እንደ ሸንበቆ ብትቀጥንም ስሙ አልለቀቃትም። ማዶ ባለው የነርሶች ትምህርት ቤት ትማር ነበር፤ ዓርብ ዓርብ በጀልባ ተሻግራ ቤት ታድራለች። ጀልባዋ የሰመጠችው ዓርብ ከሰዓት ነው።

ዳርቻው ላይ ቆመን ሳለ አንድ ዓሣ አጥማጅ «ማዶ በሕይወት የወጡ አሉ፤ ሴት ልጆችም አሉበት» አለ። ባለቤቴ «እዚሁ እንጠብቅ፤ አስከሬን እየወጣ ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ «እኛ የምንጠብቀው አስከሬን አይደለም» ብዬ እጇን ጎትቼ፣ መኪና ለምኜ፣ ሐይቁን ዞሬ የወሰድኳት። ማዶ ከጥቂት ሽማግሌዎችና ከአንዲት አሮጊት በቀር ከውሃ የወጣ ሰው አልነበረም። እዚያ ከመንደር መንደር ስንዞር ሰነበትን። ስንመለስ ሆስፒታሉ ሬሳ ክፍል ውስጥ የቀሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴቶቹ ሁሉ ባለቤት አግኝተው ተቀብረዋል።

«ፊታቸው አይለይም ነበር» አለን የሬሳ ክፍሉ ጠባቂ። «ሰዉ የለያቸው በልብስና በጌጥ ነው።»

እንግዲህ እኔ ጌጥ ሠሪ ነኝ። በቦታው ግን አልነበርኩም።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ከገበያው ጀርባ የምትሠራው ልብስ ሰፊ መጣች። የሷም ልጅ በዚያች ጀልባ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ ሳያልፍ አግኝታ ቀብራታለች ይባላል። የልጅቷን ሰሌዳ ትናንት ጨርሼው ስለነበር ልታየው የመጣች መስሎኝ አነሳሁላት። ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አሳለፈች። ከዚያ ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«የልጄ አምባር ነው። እጄ ላይ ላደርገው ፈልጌ ጠበበኝ። ያሰፉልኛል?»

የብር አምባር ነው። ሽቦው በሦስት የተጎነጎነ፣ ማጠፊያው ደህና። ከውስጥ በኩል፣ መቆለፊያው አጠገብ፣ በር የተዘጋበት የሚመስል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። አንድ ሰው በመዶሻ ሊያቃናው ሞክሮ በደንብ አልወጣለትም።

«መቼ ልምጣ?» አለችኝ።

«ሥራ በዝቶብኛል» አልኳት።

ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። እራት አላሰኘኝም። ጉንፋን ሳይዘኝ አይቀርም።

ጥር 15

አምባር ከአምባር ይመሳሰላል። ጉንጉን ሥራ እኔ ብቻ አይደለሁም የምሠራ። የሚዘጋ በርም በየቤቱ አለ።

ጥር 16

አይመሳሰልም።

ጥር 19

ባለቤቴ ምሳዬን ይዛ ሳላስበው ሱቅ ገባች። አምባሩ ሞረዱ አጠገብ ነበር። የምሳ ዕቃው ከእጇ ወደቀ።

«ይሄ የሷ ነው!»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «የደንበኛ ነው። እንዲህ ያለውን ስንቱን ሠርቻለሁ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«የገዛ ሥራዬን አላውቅም?»

ቁጭ ብላ እፎይ አለች። ዓይኔ እያየ ፊቷ በራ። አምባሩ የልጇ አለመሆኑ ማለት ልጇ አለች ማለት ነውና። ምሳውን ከወለሉ ላይ እየለቀመች ሳቀች እንኳ፤ «እብደት ጀምሮኛል መሰለኝ» አለች።

ዛሬ ማታ ልነግራት ነበር። እየዘፈነች ዕቃ ታጥብ ነበር። ነገ እነግራታለሁ።

ጥር 20

አልነገርኳትም።

ጥር 22

ሱቄ ደጃፍ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ልብስ ሰፊዋ እንኳን ቀብራ አረፈች። ቢጨንቃት ሄዳ መቃብሩን አቅፋ ታለቅሳለች። ያቺ የወርቅ ሠሪው ሚስት ናት የምታሳዝነኝ።»

«ባልየውስ?»

«እሱማ ወንድ ነው። ብረቱን ይቀጠቅጣል።»

ጥር 25፣ እሑድ

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። የምነግራትን መንገዱን ሙሉ ሳጠና ሄጄ በሯ ላይ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ስር ነው፤ ግድግዳው ላይ ያላለቀ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሏል። አምባሩን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«አልሰፋም?» አለችኝ።

«አልነካሁትም። እህቴ... ይህን አምባር የሠራሁት እኔ ነኝ። ለልጄ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ።»

ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይም ታባርረኛለች። «አውቃለሁ» ብቻ አለችኝ። ለቀባሪው አረዱት ሲባል የምሰማው ለካ ይህ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳጥባት ጊዜ። የኔ ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ስትወለድ ጀምሮ ጠቆር ያለ ምልክት ነበራት። እግሯን አጠብኩ፤ የለም። ሌላኛውን አጠብኩ፤ የለም። መልሼ አጠብኩ። ሴቶቹ ‹በቃሽ፣ በቃሽ› ይሉኛል። ቀሚሷ ነው ያሳሳተኝ። ከዚያው ጣቃ ለልጄም ለሰውም ሰፍቻለሁ።»

ባለቤቴ ለድምቡሼ ቀሚስ ያሰፋችው ከገበያው ጀርባ ነበር። ማን ጋ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ለማን ልናገር?» አለች፤ አሁን ድምጿ ከረረ። «አንድ ሰው መጥቶ ‹ያቺ ልጅ የኔ ናት› ቢለኝ በሁለት እጄ እሰጠው ነበር። በሩን እያየሁ ነው ያጠብኳት። በሩን እያየሁ ነው የገነዝኳት። እናንተ የት ነበራችሁ?»

የት ነበርን? ማዶ ነበርን። ዓይኔን ወደ ተሰቀለው የሙሽራ ቀሚስ አዞርኩ።

እሷም ረገበች። «እንደ ልጄ አጥቤ፣ በራሴ ጨርቅ ከፍኜ ቀበርኳት። ሳለቅስላት ጊዜ ሳላስበው የኔ ሆነች። የኔዋ ሐይቁ ውስጥ ናት፤ አላጣሁትም። ግን ሐይቅ አይታቀፍም።»

«አምባሩን ታዲያ ለምን ወደ እኔ አመጡት?»

«እንጃ። መንገዴ ላይ ሌላ ወርቅ ሠሪም ነበር፤ አልፌው መጣሁ። ሲከብደኝ ይሆናል። እርስዎ ዝም ሲሉኝ ግን ‹ተመስገን፣ ተተወልኝ› አልኩ።»

«እናቷ እኮ አልጋ እያነጠፈች ትጠብቃታለች» አልኳት።

ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። «አይንገሩኝ። ስለ እናቷ አይንገሩኝ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «መቃብሯን ካስቆፈሩብኝ እኔም አብሬ ጉድጓዱ ውስጥ ነኝ። እርስዎ ሚስት አለዎት። እኔ ማን አለኝ?»

አምባሩን መልሳ መዳፌ ላይ አኖረችው። «ወይ ያስፉልኝ፤ ወይ ይውሰዱት።»

ቃል አልሰጠኋትም። ስወጣ ግን የሰጠሁ ያህል ተሰማኝ።

ጥር 28

«እናንተ የት ነበራችሁ?» ስበላ፣ ስቀርጽ፣ ስተኛ።

የካቲት 2

አምባሩን አሰፋሁት። መቆለፊያው አጠገብ ነው የቆረጥኩት፤ እዚያ መቁረጥ ይቀላል፤ ማንም አንጥረኛ የሚያውቀው ነው። አዲስ ብር ጨምሬ በየድኩት። ጎድጎድ ያለችው ቁራጭ ተረፈች። ከፍርፋሪው ጋር ማቅለጫው ውስጥ ጨመርኳት። ሥራ ሲጠናቀቅ እንዲህ ነው የሚደረገው።

መጥታ አጠለቀችው። ልክ ሆነላት። አልተያየንም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የባለቤቴ እህት ደወለች። ማዶ፣ ከዋናው ከተማ ራቅ ያለ ክሊኒክ ውስጥ፣ ስሟን የማታውቅ ልጅ አለች ተብሎ ሰምታለች። ማን አየ? የእህቷ ጎረቤት ዘመድ። ዘመዱስ? ከሹፌር ሰምቶ።

ባለቤቴ ሻንጣ አውርዳለች። የድምቡሼን ሹራብ፣ የድምቡሼን ነጠላ ጫማ እያጣጠፈች ትከታለች። «ይበርዳታል፤ የለበሰችው ስስ ቀሚስ ነበር» ትላለች።

የካቲት 7

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጣ ጸጉሯን ስታበጥር፣ «አትሂጂ» አልኳት።

«ለምን?»

«ድምቡሼ ተቀብራለች።»

ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ልብስ ሰፊዋን፣ እግሩን፣ ቀሚሱን። «አምባሩን አንቺም አይተሽዋል» አልኳት።

«ስንቱን ሠርቻለሁ አላልከኝም?»

«ዋሸሁሽ።»

«ያን ጊዜ ነው የዋሸኸኝ ወይስ አሁን?»

እንድትቀጣኝ የተዘጋጀሁትን ያህል ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። «የቤታችን በር ተዘግቶበት የጎደጎደውን ቦታ አሳየኝ» አለች። አሁን አምባሩ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ እንደሌለ ነገርኳት። ለምን እንደሌለም። እንደማታውቀው ሰው አየችኝ።

«ተነስ። ሴትዮዋ ትንገረኝ።»

ሄድን። ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ ሁለታችንን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ባለቤቴ አላንገራገረችም። «የቀበርሽው የኔን ልጅ ነው ይላል ባሌ። እውነት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አየችኝ። ወለሉን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ባለቤቴን አየቻት፤ የባለቤቴን ፊት፣ ያንን ‹አይደለም በይኝ› የሚል ፊት።

«አይ እህቴ» አለች። «እኔ የቀበርኩት የወለድኳትን ነው። እሱን ሐዘን ጎድቶት ነው፤ አትፍረጂበት።»

«አውቄ ነበር!» አለች ባለቤቴ፤ አለቀሰች። «ይቅር በይኝ፣ ቁስልሽን ነካካንብሽ።» አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ልብስ ሰፊዋም አቀፈቻት። አምባሩ ባለቤቴ ጀርባ ላይ ነበር፤ እጅጌው ተሰብስቦ፣ ልክ ትከሻዋ ሥር። እኔ ብቻ ነኝ የማየው።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረችኝ። «የገዛ ልጅህን ለመቅበር እንዲህ ያስቸኮለህ ምንድነው?»

የካቲት 8

ሄደች። ሻንጣውን ልሸከምላት ብል አላስነካችኝም።

የካቲት 11

ልብስ ሰፊዋን ልጠላት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ለራሷ ብላ ነው የዋሸችው? ለባለቤቴ ብላ ነው? እኔም በዚያ በምሳ ሰዓት የዋሸሁት ለማን ብዬ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ሕግ ዘንድ ሂድ ይለኛል አንዱ ልቤ። መቃብር ያስቆፍራሉ፣ ሐኪም ያስመረምራሉ። ከዚያስ? ባለቤቴ ተስፋዋን፣ ያቺ ሴት መቃብሯን ታጣለች። እኔ ምን አገኛለሁ? እውነት። እውነትን ታቅፎ የሚተኛ ሰው አይቼ አላውቅም።

ደግሞ ይህን ስጽፍ ፍርሃቴን በጥሩ ልብስ እያለበስኩት እንደሆነ ይገባኛል።

የካቲት 15

ባለቤቴ ደወለች። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ሌላ ናት፤ ዕድሜዋም አይገጥምም። «ግን እዚህ ደግሞ ከዚህ አልፎ ያለች መንደር አለች ይላሉ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ተስፋ ነበር። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

«ተመለሽ» አልኳት።

«አንተ ዘንድ?» አለችኝ። ስልኩ ተዘጋ።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ግንቡ ተመረቀ። ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ ነሐሱ ዓይን ይወጋል። ጡሩምባው ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ ዛሬ ድምፁ ለቦታው ልክ ሆነ። ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ቤተሰብ ወደፊት ይወጣል፣ ሰሌዳውን ይነካል፣ ይመለሳል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ስም ሲጠራ ብቻዋን ወጣች። ሰሌዳውን ስትነካው አምባሩ ነሐሱን ገጨውና ድምፅ ሰጠ። እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

የኔ ልጅ ስም አልተጠራም። እኔ አልቀረጽኩትማ። ሰዎች ትከሻዬን እየነኩ አለፉ። አንዱ «ሥራህ ያምራል፤ ለዘላለም የሚቆይ ሥራ ነው» አለኝ።

ይቆያል። ሐይቁ ውስጥ ያለችው ልጅ እዚህ ስም አላት፤ መቃብርም አላት። መሬት ውስጥ ያለችው የትም የለችም።

የካቲት 27

ከባለቤቴ ምንም የለም። እህቷ «ከመንደር መንደር እየሄደች ነው፤ ደህና ናት፤ አታስጨንቃት» አለችኝ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። አንሶላውን ልጠበው ብዬ አንስቼ መልሼ አነጠፍኩት።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

መቃብሩ ድረስ ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞ ገበያ ስላለባት አትመጣም ብዬ ነው የመረጥኩት፤ እንደ ሌባ።

አገኘሁት። አነስ ያለ የሲሚንቶ መቃብር፣ በደንብ የተያዘ። ዙሪያው አበባ ተተክሏል፤ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ጠዋት ውሃ አጠጥታው መሆን አለበት። ራስጌው ላይ የሌላ ልጅ ስም፣ የሌላ ልጅ የልደት ቀን፣ ሥሩ «እናትሽ» የሚል። እኔ ብቀብራት ይህን ያህል አበባ አልተክልም ነበር። የትኛው አበባ ጥላ እንደሚወድ እንኳ አላውቅም።

ልቀመጥ አልኩና ፈራሁ። ቆሜ ቀረሁ። የምለው ነገር ይኖረኛል ብዬ ነበር፤ ስሟን ልጠራው አፌን ስከፍት የመቃብሩ ዘበኛ መጥረጊያውን ይዞ ደረሰ። ደግ ሽማግሌ ነው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። ምንዎ ናት?»

ድንጋዩን አየሁ።

«የደንበኛዬ ልጅ ናት» አልኩት።

«መልካም ሰው ነዎት» አለኝ። «ዘመድ እንኳ በማይመጣበት ጊዜ!»

አመሰገንኩትና ወጣሁ።